እትዬ ካውያ እና የአስተማሪው ኮሌታ

«ሸሚዜን! ከፍዬ እንድታጥቢልኝ የሰጠሁሽን የገዛ ሸሚዜን፣ ለዓለም ሕዝብ ዘርግተሽ አሳየሽው!» አለ የመኪና አስተማሪው፣ ባንኮኒውን በጡጫው እየደበደበ።

«ባንኮኒውን ተወው፣ እሱ ምን አደረገህ?» አለች እትዬ ካውያ፣ መተኮሷን ሳታቋርጥ።

«አንቺ ሴትዮ፣ እየሰማሽኝ ነው?»

«ኧረ ጎረቤቱም እየሰማህ ነው።»

ብርድ ልብሳቸውን ሊወስዱ የመጡ አንዲት አሮጊት ተራቸው ደርሶ ነበር። እሳቸው ግን «ለሱ ቅድሚያ ስጪው ልጄ፣ እኔ አልቸኩልም» ብለው ወንበሩ ላይ ተመቻቹ።

«ሚስቴ ካባረረችኝ ሳምንት ሊሞላ ነው» አለ አስተማሪው። «መኪና ውስጥ ነው የማድረው። እሱም የራሴ መኪና ቢሆን እኮ ጥሩ ነበር። የማስተማሪያ መኪና ውስጥ! አናቱ ላይ ‹ተማሪ› የሚል ሳጥን የተተከለበት መኪና ውስጥ! ጠዋት ጠዋት አላፊ አግዳሚው በመስኮት አጮልቆ እያየኝ ‹ይሄ ደግሞ እስካሁን አልቻለም?› እያለ ያልፋል።»

አሮጊቷ ሳቃቸውን በነጠላቸው ጫፍ አፈኑት።

«እኔ ስምህን ጠርቻለሁ?» አለች እትዬ ካውያ።

«አልጠራሽም።»

«ፊትህን አሳይቻለሁ?»

«አላሳየሽም።»

«ታዲያ የኔ ነው ብለህ እየጮህክ የመጣኸው አንተ ነህ። ንጹህ ሰው ብትሆን ሸሚዝህን በምን አወቅከው?»

«በቁልፉ ነዋ! ሦስተኛው ቁልፍ ሲበጠስ ነጭ ክር አጥታ በሰማያዊ ክር የተከለችልኝ ሚስቴ ናት። እሷም ያወቀችው በሱ ነው።» ድምፁ ድንገት ዝቅ አለ። ለካ ሰውዬው መጮህ አይችልበትም ነበር፤ ሥራው «ቀስ፣ ቀስ፣ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለሽ ልቀቂ» ማለት ነው። «እትዬ፣ ያ ኮሌታው ላይ ያለው ቀይ ነገር ከየት እንደመጣ፣ እናቴን ይንሳኝ፣ አላውቅም። ጠዋት ስለብሰው አልነበረም፣ ማታ ሳወልቀውም አልነበረም።»

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው።»

«እሺ፣ ይሁንልሽ። አልከራከርሽም። አንድ ነገር ብቻ አድርጊልኝ። ዛሬ ላይቭ ስትገቢ ‹እርግጠኛ አይደለሁም› በይ። ሁለት ቃል። እሷ የምትሰማው አንቺን ነው። እኔን በበር ቀዳዳ እንኳ አትሰማኝም።»

እትዬ ካውያ መልስ ልትሰጥ አፏን ስትከፍት ውጭ የመኪና ጥሩምባ ተነፋ። የሱ ተማሪ ናት፤ መሪውን ይዛ ብቻዋን መቀመጥ ፈርታ። አስተማሪው ወደ በሩ አየ፣ ወደ እትዬ ካውያ አየ፣ ከዚያ አንገቱን ደፍቶ ወጣ። የተራበም የተገፋም ሰው ቢሆን ተማሪ አያስጠብቅም።

«ምስኪን» አሉ አሮጊቷ።

«ምስኪን ነው እንዴ? ምስኪን የሚመስሉት ናቸው እኮ» አለች እትዬ ካውያ፣ ብርድ ልብሳቸውን እያወረደች።

እትዬ ካውያ የሚለውን ስም ያወጡላት የማታውቃቸው ሰዎች ናቸው። እናትና አባቷ ያወጡላት ስም መታወቂያዋ ላይ አለ፤ እዚያው ይኑር። ላውንደሪዋ ጠባብ ናት፤ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው በሩ ላይ ቆሞ ነው የሚያስነጥሰው። ከፊት ባንኮኒውና መተኮሻው አለ። ከመጋረጃው ኋላ ደግሞ ሁለት ማጠቢያ ማሽኖችና ታናሽ እህቷ አሉ። ታናሿ ቀኑን ሙሉ ታጥባለች፣ ትልቋ ቀኑን ሙሉ ትተኩሳለች፤ ደግሞም ታወራለች።

ስልኳን ከጣራው በተንጠለጠለ የኮት መስቀያ ላይ በልብስ መቆንጠጫ ታስረዋለች። ስልኩ አንዳንዴ በእንፋሎቱ ይጨፈናል፤ በሸሚዝ እጅጌ ትጠርገዋለች፤ የማን ሸሚዝ እንደሆነ አይጠየቅም። መጀመሪያ ላይቭ የገባችው ሸሚዝ ሳይጨማደድ እንዴት እንደሚታጠፍ ልታሳይ ብላ ነበር። ያኔ ያዩዋት ሰዎች ግማሾቹ የአክስቷ ልጆች ነበሩ። ታዲያ አንዷ የማትታወቅ ሴት «የኔ ባል ግን ካልሲውን እንኳ አያጥፍም» ብላ ጻፈች። እትዬ ካውያ ቀና ብላ «የማጠፉን ነገር ተዪው። ለመሆኑ ማታ ካልሲው ስንት ሰዓት ነው ቤት የሚገባው?» አለች። በማግስቱ ስለ ሸሚዝ የጠየቃት ሰው የለም።

እንዲህ ተጀመረ። ከዚያ በኋላ አንዷ «ባሌ ስልኩን ገልብጦ ነው የሚያስቀምጠው» ስትላት «አንቺም እሱን ገልብጠሽ አስቀምጪው» ትላለች። አንዷ «እጮኛዬ የተወለድኩበትን ቀን ረሳው» ስትላት «አንቺ ደግሞ እሱ የተወለደ መሆኑን እርሺው» ትላለች። አንድ ቀን ብቻ ተሳስታ ባልና ሚስቱን «ተነጋገሩ፣ ታረቁ» ብላ መክራ ነበር፤ ያን ቀን ተመልካቹ የእሳት አደጋ እንደሰማ ሰው ጥሏት ወጣ። እርቅ ማንንም አያስቅም። ከዚያ ወዲህ ደገመችው የሚል የለም።

የራሷንም ኑሮ አልደበቀቻቸውም። ጉልበቷን የሚያማት በየትኛው ጎን እንደሆነ፣ አከራይዋ ደረጃ ሲወጡ እንዴት እንደሚያለከልኩ፣ ቁርሷ ላይ ያረረው እንቁላል፣ ሁሉንም ያውቃሉ። ባሕር ማዶ ያለች በዓይነ ሥጋ አይታት የማታውቅ ሴት «እትዬ፣ ጉልበትሽ ዛሬ እንዴት ዋለ?» ብላ ትጠይቃታለች። ከመጋረጃው ኋላ ታናሿ ወገቧን ይዛ ስታቃስት ግን አንድም ቀን የጠየቃት ሰው የለም። ካሜራው እዚያ አይደርስማ።

ያልነገረቻቸው አንድ ነገር ቢኖር የባሏን ነው። ባል ነበራት። ፀጉር አስተካካይ ነው። ትቷት ሄደ፤ ወዴት እንደሄደ ደግሞ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል፣ ሁለት በር አልፎ ነው የገባው። እዚያ ያለችው ሴት የሽቶ ሱቅ አላት። አሁንም ሱሪውን የምትተኩሰው እትዬ ካውያ ናት፤ በክፍያ። እንግዲህ ይሄ ሰው ጥሏት ከመውጣቱ በፊት ለዓመታት ሸሚዙን በየሳምንቱ በገዛ እጇ ስታጥብ፣ አንድ ቀን እንኳ አንዲት ጠብታ አላየችበትም። ሽቶም አልሸተታትም። ወንዱ ባለሙያ ሆኖ ይሁን እሷ ታውራ፣ እግዜር ይወቀው። ብቻ ከዚያ ወዲህ ምልክት የሌለበት ልብስ አይታ አታውቅም። ኪስ ውስጥ የተገኘ የሻይ ደረሰኝ «ሁለት ሰው ነው የጠጣው» ይሆናል። እጅጌ ላይ የተገኘ ፀጉር ርዝመቱ ይለካል። «ልብስ አይዋሽም» የምትለዋን አባባል ሰዎች እየጻፉ የሚለጥፉት ከሷ ወስደው ነው።

የአስተማሪው ሸሚዝ የወጣ ዕለት ደግሞ የንግግሯ ለዛ ሞልቶ ፈሶ ነበር። ከታጠቡት ነጫጮች መሀል አንዱን ብድግ አድርጋ መተኮሻው ላይ ስትዘረጋው ኮሌታው ላይ ቀይ ነገር አየች፤ እጥፍ ብሎ እንደ ሁለት ከንፈር የታተመ። እልል ማለት ነበር የቀራት።

«ልጆቼ፣ ኑ ኑ፣ ተሰብሰቡ» አለች፣ ኮሌታውን ወደ ስልኩ እያስጠጋች። «ይሄ ጉድ ታጥቦ የወጣ ነው። ታጥቦም አልለቀቀም። እንዲህ የሚጣበቅ ሊፕስቲክ ርካሽ አይደለም። ርካሽ ሊፕስቲክ የሚቀባው ለአንድ ቀን ነው፤ ይህቺ ሴትዮ ቋሚ ሠራተኛ ናት።»

ኮሜንቱ እንደ በረዶ ወረደ። «ገደልሽው!» «የሰፈሩን ስም ብቻ ንገሪን» «ወንድ ማመን ጉም መዝገን።» በዚህ መሀል ራሷን «የተከፋች» ብላ የሰየመች አንዲት ሴት እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «እትዬ፣ የዚህ ሸሚዝ ሚስት ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር?»

እትዬ ካውያ ካውያውን አቆመች። ካውያውን ስታቆም ሁሉም ያውቃል፣ ከባድ ነገር ሊመጣ ነው።

«ልብሱን በማዳበሪያ ከረጢት አድርጌ በር ላይ። የበሩን ቁልፍ ዛሬውኑ መቀየር። ላስረዳሽ ሲል ጆሮ ዳባ ልበስ። ወንድ ልጅ ‹ላስረዳሽ› ካለ ውሸቱ በስሎ ወጥቷል ማለት ነው።»

የተከፋች ማለት የአስተማሪው ሚስት ናት። ሱፐርማርኬት ውስጥ ካሸር ናት፤ በምሳ እረፍቷ መጋዘን ውስጥ የዘይት ካርቶን ላይ ተቀምጣ ነው እትዬ ካውያን የምታየው። ሰማያዊውን ክር አይታለች። ከሥራ ስትወጣ ቁልፍ ሠሪ ይዛ ሄደች። ከረጢቱን ገዛች። የተባለችውን ሁሉ፣ በተባለችው ተራ፣ አንድ ሳታስቀር ፈጸመች። ሂሳብ የለመደች ሴት መዝለል አታውቅም።

ወደ ጸቡ ቀን እንመለስ። አስተማሪው ወጥቶ፣ አሮጊቷም ብርድ ልብሳቸውንና ወሬያቸውን ታቅፈው ከሄዱ በኋላ፣ መጋረጃው ተገለጠና ታናሿ ብቅ አለች። እጇ ላይ እርጥብ ቀይ ሪቫን ተንጠልጥሏል።

«እታለም፣ ይሄን እይው።»

«ምንድን ነው?»

«ያ የሰርግ አዳራሽ የላከው የወንበር ሪቫን ነው። ትልቁ ማሽን በር ላይ ባለው ላስቲክ ውስጥ ተሰንቅሮ ዛሬ ገና ነው ያገኘሁት።»

የአዳራሹ ሪቫን ቀለሙን የሚለቅ ጉደኛ ነው። ለብቻው፣ በቀዝቃዛ ውሃ ነው የሚታጠበው፤ ሲወጣም አንድ በአንድ ይቆጠራል እንጂ ዝም ተብሎ አይዘገንም።

«ነጮቹ የታጠቡ ጠዋት እኔ ውሃ ጠፋ ብዬ አከራይዋ ጋ ሄጄ ነበር» አለች ታናሿ። «ነጮቹን ማን ነው የከተተው?»

«ማን ነው?»

«አንቺ ነሻ! ስልክሽን ይዘሽ እየሳቅሽ፣ ሰው ስታማክሪ። የማሽኑን ከበሮ ውስጡን አላየሽም። ሙቅ ላይ ነው ያዞርሽው ደግሞ።» ከኋላዋ ሌላ ሸሚዝ ሳበች። «ይኸው፣ የጡረተኛው ዳኛ። ብብቱ ሥር ተመልከቺ፤ ያው ነው፣ ያው ቀይ። የአስተናጋጁም ጃኬት ጀርባው ላይ አለበት። ዳኛው እኮ ሰማንያ አልፏቸዋል እታለም፣ በከዘራ ነው የሚሄዱት። ቋሚ ሠራተኛዋ እሳቸውንም ስማቸዋለች ማለት ነው? ብብታቸው ሥር?»

እትዬ ካውያ የዳኛውን ሸሚዝ ተቀብላ ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጋችው። በእንፋሎት ውስጥ ያረጀች ሴት ናት፤ የቀለምና የሊፕስቲክ ልዩነት ጠፍቷት አይደለም። ሊፕስቲክ ቅባት ነው፣ ጠርዙ ይዝረከረካል። የለቀቀ ቀለም ጠርዙ እንደ ደረቀ የሻይ ጠብታ ነው። አንዴ ማየት ይበቃ ነበር። ያን ቀንም አንዴ አይታ ቢሆን ይበቃት ነበር፤ ግን አይኗ ኮሌታው ላይ፣ ልቧ ስልኩ ላይ ነበር።

«ተናገሪ» አለች ታናሿ።

«እናገራለሁ።»

«መቼ?»

«ዛሬ ነዋ። ላይቭ ስገባ። ምን ታጣድፊኛለሽ?»

ከአንጀቷ ነበር። ልትናገር ነበር። ፀጉሯን አስተካክላ ስልኩን መቆንጠጫው ላይ አስራ ከፈተችው። ሰዎች ገቡ፣ ሌሎች ገቡ፣ ከዚያ ጎርፉ መጣ። የሸሚዙ ወሬ አገር አዳርሶ ነበርና እንደዚያ ቀን ተመልካች አግኝታ አታውቅም።

«ልጆቼ» አለች። «ዛሬ ስለዚያ ሸሚዝ አንድ ነገር ልነግራችሁ ነው።»

«ንገሪን!» «ሰውዬው መጣ እንዴ?» «እትዬ፣ ከስንት ሰው ዓይን ላይ ግርዶሽ እንዳነሳሽ!» «እኔም በአንቺ ምክር ዛሬ የኔውን ሸኘሁት!» ልብ፣ አበባ፣ ጭብጨባ በስክሪኑ ላይ ወደ ላይ ይንሳፈፋል። ከዚያ የተከፋች ብቅ አለች። «እትዬ፣ ሸሚዙ የባሌ ነበር። ያሉኝን ሁሉ አደረግኩ። እርስዎ ባይኖሩ ዕድሜ ልኬን ሞኝ ሆኜ እቀር ነበር። እናት ነዎት።»

ይሄኔ ስክሪኑ ቀልጦ ፈሰሰ ማለት ይቻላል። የማያውቋት ሰዎች የማያውቁትን ሰው እየረገሙ፣ የማያውቋትን ሚስት እያቀፉ፣ እትዬ ካውያን «እናታችን» እያሉ አለቀሱ። ከመጋረጃው ኋላ የማሽኑ ድምፅ ጠፋ፤ ታናሿ አጥፍታው ጆሮዋን ተክላለች።

«ስለዚያ ሸሚዝ ልነግራችሁ የፈለግኩት...» አለች እትዬ ካውያ። «በረኪና አታድርጉበት። እንዲህ ያለ ነገር ስታገኙ አትጠቡት። ማስረጃ አይታጠብም።»

ከመጋረጃው ኋላ ባልዲ ተገለበጠ።

«ምንድን ነው የጮኸው እትዬ?» አሉ ከባሕር ማዶ።

«ድመት ናት» አለች።

«ድመቷ ሰላም ትልሻለች» አለች ታናሿ፣ ላይቩ ከተዘጋ በኋላ፣ ወለሉን እየጠረገች። «ነገ ትናገሪያለሽ አይደል?»

«ነገ።»

በማግስቱ ጠዋት ሚስትየዋ ራሷ መጣች። የሱፐርማርኬቱን ዩኒፎርም ለብሳለች፤ ደረቷ ላይ ያለውን ስም የተጻፈበትን ካርድ ገልብጣዋለች። ልብስ አልያዘችም። ትንሽዬ ሴት ናት፤ ባንኮኒው አጠገብ ስትቆም እጆቿን የምታደርግበት ቦታ አጣች።

«የተከፋች ማለት እኔ ነኝ» አለች። ሳቅ ለማለት ሞከረች፣ አልሆነላትም።

«ውይ የኔ እመቤት! ነይ ቁጭ በይ።»

«አልቀመጥም፣ ሥራ ረፍዶብኛል። አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነው።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ትናንት በር ላይ መጥቶ ነበር። እንዳሉኝ አልከፈትኩለትም፣ አንድ ቃል አልመለስኩለትም። ግን አለቀሰ። እትዬ፣ ይሄ ሰው አባቱ ሲሞት እንኳ አላለቀሰም። በሩን ተደግፎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እኔም በወዲህ በኩል በሩን ተደግፌ ነበር።»

እትዬ ካውያ ካውያውን ወደ ጎን አቆመችው።

«እና እርስዎ ያውቃሉ፣ ሙያዎ ነው። እርግጠኛ ነዎት? እርግጠኛ ካልሆኑ ምንም አልቀየምዎትም፤ አሁኑኑ ሄጄ ከመኪናው አወጣዋለሁ። የት እንደሚያቆማት አውቃለሁ፣ እኛው ሕንፃ ጥግ ነው። በመስኮት አየዋለሁ። ረጅም ነው እኮ፣ እግሩን መዘርጋት አይችልም።»

ስልኩ መስቀያው ላይ የለም። መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል፣ ቻርጅ እያደረገ። በዓለም ላይ የሚያያት አንድም ሰው አልነበረም፤ ይህቺው ትንሽ ሴትና፣ የመጋረጃውን ጠርዝ በጣቷ የያዘችው እህቷ ብቻ ናቸው። ሁለት ቃል ነበር።

እትዬ ካውያ በተከፈተው በር ወደ ውጭ አየች። ሁለት በር አልፎ ፀጉር አስተካካዩ ከበሩ ላይ ቆሞ የደንበኛ ፀጉር ከጨርቁ ላይ ያራግፋል። የሽቶዋ ሴት ሻይ ይዛለት መጣች፤ አንድ ነገር አለችው፣ እሱም ከት ብሎ ሳቀ። ለእትዬ ካውያ በትዳር ዘመኗ እንዲያ ስቆላት አያውቅም።

«የኔ ልጅ» አለች እትዬ ካውያ፣ ዓይኗን ከውጭ ሳትመልስ። «እኔም አንድ ጊዜ እርግጠኛ አልነበርኩም። ዓመታት ፈጀብኝ።»

«እርግጠኛ ነዎት ማለት ነው?»

«ልብስ አይዋሽም።»

ሚስትየዋ ራሷን ነቀነቀች፤ ነቀነቀች፤ የዕቃ ዋጋ እንደተነገረው ደንበኛ። ከዚያ ስልኳን አወጣች። «አንድ ፎቶ አብረን እንነሳ? ጓደኞቼ አያምኑኝም።» ተነሡ። እትዬ ካውያ ከመነሳታቸው በፊት የልጅቷን ኮሌታ አቃናችላት፤ የለመደባት ነው።

ልጅቷ ገና መንገዱን ሳትሻገር ታናሿ እጇ በአረፋ እንደተሸፈነ ተከትላት ሮጠች። ሪቫኑን ይዛለች።

«እህቴ፣ ቆዪ! ቀለም ነው። ይሄ ነው ማሽን ውስጥ ሸሚዙን የነካው። ሊፕስቲክ አይደለም፣ በእግዜር!»

ሚስትየዋ ሪቫኑን አየች። ታናሿን ከእግር እስከ ራሷ አየች። ዓይኗ ውስጥ ለአንዲት አፍታ አንድ ነገር ብልጭ አለ፤ ከዚያ ደግሞ ጠፋ።

«ስንት ሰጠሽ?» አለች።

«ማን?»

«እሱ ነዋ! ወንድሙን ላከብኝ፣ የሥራ ባልደረባውን ላከብኝ፤ አሁን ደግሞ አጣቢ አገኘ።»

«ኧረ እኔ የእትዬ ካውያ እህት ነኝ! አብሬያት ነው የምሠራው!»

«አይቼሽ አላውቅም» አለች ሚስትየዋ። እትዬ ካውያን ቀን በቀን ታያታለች እኮ፤ ጉልበቷን፣ አከራይዋን፣ እንቁላሏን ታውቃለች። እህት አላየችም። «ደግሞስ እህቷ ከሆንሽ፣ እንዲህ ያለውን ነገር ለምን እሷ ራሷ አልነገረችኝም? አሁን ፊት ለፊት ጠይቄያት አይደል የወጣሁት?»

ታናሿ መልሱን ብትናገር እህቷን መሸጥ ነው፤ ባትናገር ደግሞ ውሸታም መባል ነው። አረፋው ከታናሿ እጅ መሬት ላይ እየተንጠባጠበ ሚስትየዋ ሄደች።

«ነገርሻት?» አለች እትዬ ካውያ፣ ታናሿ ስትመለስ።

«ነገርኳት።»

«እና?»

«አላመነችኝም።»

እትዬ ካውያ እፎይ አለች። «አየሽ፣ እኔም ብናገር ዋጋ አልነበረውም» ብላ ካውያውን አነሳች። እንዲህ ቅልል ብሏት የተኮሰችው ሱሪ ጠርዙ ሰው ይቆርጥ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ እንደሚሆነው ሆነ። ሚስትየዋ ቤቱን ለቀቀች፤ ዝውውር ጠይቃ ሌላ ከተማ ያለ ቅርንጫፍ ሄደች አሉ። የሸሚዙን ሥዕል ሰዎች ከላይቩ ላይ ቆርጠው አዛምተውት ስለነበር አስተማሪውም «የኮሌታው ሰውዬ» ተብሎ ቀረ። ሴት ተማሪዎች ከሱ ጋር አንቀመጥም አሉ። የሚያሠለጥንበት ትምህርት ቤት ወደ ከባድ መኪና ክፍል አዛወረው፤ እዚያ ያሉት ተማሪዎች ጢማም ናቸው፤ ማርሽ በተሳሳቱ ቁጥር «ጋሼ፣ ሊስሙን ነው እንዴ?» ይሉታል። የዳኛው ሸሚዝ ያኔውኑ ታጥቦ ተተኩሶ ሄዶላቸዋል፤ አንዲት ነጥብ እንደነበረበት እንኳ ሳያውቁ ለብሰውታል። የአስተማሪውንም ኮሌታ እትዬ ካውያ አንድ ቀን ሞቅ ባለ ውሃና በጥቂት በረኪና ነከረችው፤ የቀዳችው ሻይ ሳይቀዘቅዝ ለቀቀ። ቀለም ነበራ።

አንድ ረፋድ አስተማሪው ልብሶቹን ሊወስድ መጣ። አልጮኸም። ባንኮኒውንም አልደበደበም። ከስቷል፤ የገባባት አንዲት ክፍል የኪራይ ቤት መስታወት የሌላት መሆኑ ከጢሙ ያስታውቃል።

«እንደምን አረፈድሽ እትዬ። ሸሚዞቼን ልውሰድ ብዬ ነው።»

«እግዜር ይመስገን፣ ደህና። ተዘጋጅተዋል።» በላስቲክ የተሸፈኑትን አወረደችለት። ነጩን ከመሀል አወጣና ላስቲኩን ገልጦ ኮሌታውን አየ፤ አገላበጠ፤ አውራ ጣቱን አሳለፈበት። ሰማያዊዋ ክር ብቻ ናት ያለችው።

«ለቀቀ?»

«ለቀቀ።»

«እትዬ» አለ። ሰው እንዳይሰማው ጎንበስ አለ፤ ከመጋረጃው በወዲህ ግን ሌላ ሰው አልነበረም። «ምን ነበር? አሁን ብትነግሪኝ ማንንም አልከስም፣ ምንም አላደርግም። እሷም ሄዳለች። ለራሴ ብቻ ነው። አየሽ፣ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ሲልሽ መጨረሻ ላይ አንቺም ማሰብ ትጀምሪያለሽ። ሌሊት ቁጭ ብዬ አስባለሁ። ምናልባት አንዷ ተማሪ ፍሬን ስትይዝ ተንገዳግዳ ትከሻዬ ላይ ወድቃ ይሆን? ምናልባት ያላወቅኩት አንድ ነገር አድርጌ ይሆን? እላለሁ። የሚስቴ ጥርጣሬ እውነት ሳይሆን አይቀርም ማለት ጀምሬያለሁ።»

ከመጋረጃው ኋላ ታናሿ ልብስ መጭመቋን አቆመች።

እትዬ ካውያ ላስቲኩን መልሳ ሸሚዙ ላይ ሳበችው፤ ከታች ጠቅለል አደረገችው።

«አሁን ምን ያደርግልሃል ወንድሜ። ንጹህ ሆኗል፣ ልበሰው።»

አስተማሪው ራሱን ነቀነቀ። «ስንት ነው?»

«የሁሉም ማጠቢያና መተኮሻ» አለች፣ «ደግሞ የነጩ ነጠብጣብ ማስለቀቂያ።»

«ማስለቀቂያው ለብቻው ነው?»

«ለብቻው ነው። አስቸጋሪ ቆሻሻ ስለሆነ።»

ቦርሳውን አወጣ፣ ከፈለ። መልሱን ስትዘረጋለት ሸሚዞቹን ክንዱ ላይ አንጠልጥሎ ሊወጣ ሲል ዘወር አለና «ይቅር፣ ለምታጥበዋ ልጅ ስጪልኝ፤ ደክማበታለች» አላት። እትዬ ካውያ «እሺ» አለች። እስኪወጣ ጠበቀችና መልሱን መሳቢያዋ ውስጥ ጨመረችው።